የወላጆች ግሩፕ በቴሌግራም፦ ከአራት ዓመት አድሚንነት በኋላ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንድ መልእክት ገባ። «እባካችሁ የነቃ ሰው ካለ፣ የሁለት ወር ልጄ ሰውነቷ እሳት ሆኗል፣ 38.4 ይላል፣ ምን ልስጣት?»

በአስር ደቂቃ ውስጥ አስራ አንድ መልስ ተደረደረ። አንዷ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊያት አለች። ሌላው የትልቁን ልጁን ሽሮፕ ግማሽ ስጪያት አለ። አንዱ ጥርስ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያደርጋል ብሎ አጽናናት። አንዷ ማር በሞቀ ውሃ አለች። ክፋት የለበትም፣ ሁሉም ከልባቸው ነው፣ እንቅልፋቸውን ትተው ነው የሚጽፉት። ትክክለኛው መልስ ግን አንድ ብቻ ነበር። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ከደረሰ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም፣ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ይህንን የጻፈችው አንዲት ነርስ የሆነች አባላችን ናት። መልሷ ሰባተኛ ነበር። ከላይ ስድስት፣ ከታች አራት መልስ ተጭኖታል።

እኔ ያየሁት ጠዋት ስነሳ ነው። ደግነቱ እናትየው ነርሷን ሰምታ ሄዳለች፣ ልጅቷም ደህና ናት። ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ዋለ። ባታየውስ ኖሮ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴሌግራምን የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው። ስለ ስቲከሩና ስለ ቀለሙ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ የተጨነቀ ወላጅ ሲጠይቅ ትክክለኛው መልስ ቶሎ እንዲታየው፣ የተሳሳተው ደግሞ እንዳይጎዳው፣ መተግበሪያው ለአድሚኑ ምን ያህል ያግዘዋል?

ግሩፑን ስንጀምር አርባ ሰው ነበርን። አሁን ከሦስት ሺህ አልፈናል። አምስት አድሚኖች ነን፣ ሁላችንም ልጆች አሉን፣ ማንም አይከፍለንም። መጀመሪያ ሌላ መተግበሪያ ላይ ነበርን፣ የሁሉም ሰው ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታይ ነበር። አንድ ቀን አንድ አባል ቁጥሮቹን ለቅሞ ለእናቶቹ አንድ በአንድ እየደወለ ዕቃ መሸጥ ጀመረ። አንዷ ገና ከወለደች ሳምንቷ ነበር። ያን ሳምንት ተነስተን ወደ ቴሌግራም መጣን።

እዚህ ላይ ቴሌግራምን ከልቤ አመሰግነዋለሁ። ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንዲያይ እንደምትፈልጉ ራሳችሁ ትወስናላችሁ፤ ሁሉም ሰው፣ የማውቃቸው ብቻ፣ ወይም ማንም እንዳያይ። እኛ አዲስ ለሚገባ ሁሉ መጀመሪያ የምንነግረው «ማንም እንዳያይ» የሚለውን እንዲመርጥ ነው። ከ100 ሰው በላይ ያለው ግሩፕ ደግሞ የአባላቱን ዝርዝር መደበቅ ይችላል። እናቶችን አንድ በአንድ ለቅሞ በግል መጻፍ የሚፈልግ ሰው ዝርዝሩን ከፍቶ አያገኝም። በግሩፑ ውስጥ የጻፈ ሰው ግን ስሙ ይታያል፣ ስሙን ነክቶ በግል መጻፍም ይቻላል። ስለዚህ ነገሩን ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፣ ይህንንም ለአባላቱ በግልጽ እንነግራቸዋለን።

አገባቡም ጥሩ ነው። የመግቢያ ሊንኩ አድሚን ሳይፈቅድ እንዳያስገባ ማድረግ ይቻላል። ሰው ይጠይቃል፣ እኛ እናያለን፣ እንፈቅዳለን ወይም እንተወዋለን። እኛ ለጠየቀው ሰው ሁለት ነገር ብቻ በግል እንጠይቃለን፦ የልጁን ዕድሜ፣ እና ግሩፑን ከማን እንደሰማ። ከባድ ጥያቄ አይደለም። ግን ዕቃ ለመሸጥ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይሰጥም፣ የልጆች ፎቶ ለመሰብሰብ የሚገባ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ያርቀዋል። ቀን ቀን ብዙ ጥያቄ ሲከማች ያደክማል፣ እውነት ነው። ቢሆንም አንድ ሰው እንኳ ሳይጠየቅ እንዲገባ አልፈልግም። ገና ያልወለዱ ነፍሰ ጡሮችም ይመጣሉ፣ እነሱን በደስታ ነው የምናስገባው። አያቶችም አሉን። ስለ ጡት ማጥባት ከሁሉም በላይ የተረጋጋ መልስ የሚሰጡት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ስሎው ሞድ ልምጣ፤ ከ2019 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። አንድ አባል አንዴ ከጻፈ በኋላ ቀጣዩን ለመጻፍ የተወሰነ ጊዜ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ጊዜውን አድሚኑ ይመርጣል፣ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት። መጀመሪያ ሳየው ለወላጆች ግሩፕ የተፈጠረ መሰለኝ። ምክንያቱም የኛ ግሩፕ ጠብ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰው ስለ ልጁ ሲነገረው ስለ ራሱ ከተነገረው ይልቅ ያመዋል። «ልጅሽ እስካሁን አይናገርም?» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ሃምሳ መልእክት ትወልዳለች። ሰው በንዴት ሲጽፍ ፈጥኖ ነው የሚጽፈው። አምስት ደቂቃ ጠብቅ ሲባል ግን የጻፈውን መልሶ ያነበዋል፣ ግማሹ ይሰርዘዋል።

ትልቁ ጠባችን ስለ ክትባት ነበር። አንድ አባት ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚል ረጅም ጽሑፍ አስተላለፈ። ከዚያ እሳት ሆነ። እኔ ስሎው ሞዱን 5 ደቂቃ ላይ አደረግኩትና እየተረጋጋሁ ጻፍኩ። ይህ ወሬ የተነሳው በ1998 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከወጣ አንድሩ ዌክፊልድ የሚባል ሐኪም ጽሑፍ ነው፣ ጥናቱ 12 ልጆች ላይ ብቻ ነበር፣ መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሰርዞታል፣ ሰውየውም በዚያው ዓመት የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል። አባትየውን አላባረርኩትም። በግል ሳናግረው ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ከታወቀ ሦስት ወሩ ነበር። ጥፋተኛ የሚፈልግ፣ ሌሊት ሌሊት ስልኩ ላይ ሲፈልግ የሚያድር፣ የደከመው ሰው ነው። ያንን ሳላውቅ አስወጥቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ይቆጨኝ ነበር። አሁን በግሩፑ ውስጥ ስለ ኦቲዝም ለሚጠይቁ ወላጆች ከማንም በላይ ትዕግስት ያለው እሱ ነው።

ግን ስሎው ሞድ አንድ ትልቅ ችግር አለው፣ እሱን የተማርነው በዚያው ቀን ነው። ስሎው ሞድ ለመላው ግሩፕ ነው። የሚጣሉትን ሁለት ሰዎች ለይቶ አያዘገይም፣ ሁሉንም ያዘገያል። በዚያው ሰዓት አንዲት እናት ልጇ የሆነ መድኃኒት እንደጠጣ ጽፋ ነበር። «ስንት ፍሬ? ክብደቱ ስንት ነው?» ብለው ጠየቋት። መመለስ አልቻለችም። አምስት ደቂቃ ትጠብቃለች! አድሚን ስሎው ሞድ ስለማይመለከተው እኔ ይሄ እየሆነ መሆኑን እንኳ አላወቅኩም ነበር፣ የነገረችኝ በግል ጽፋ ነው። ወዲያው አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ አካሄዳችንን ቀየርን። ስሎው ሞዱ ሁልጊዜ 10 ሰከንድ ላይ ነው፣ ጎርፉን ብቻ እንዲገታ። የሚጣሉ ሰዎች ካሉ ደግሞ እነሱን ብቻ ለይተን ለ1 ቀን መጻፍ እንዳይችሉ እናደርጋለን። ማንበብ ይችላሉ፣ መጻፍ ግን ነገ። ይህ ቅንብር በጣም ጥሩ ነው፤ አንድ ቀን፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ወይም ራሳችሁ የመረጣችሁት ጊዜ። ለሰው ሳናስነግርበት በግል «እህቴ፣ ዛሬ እረፊ፣ ነገ እንነጋገራለን» ብለን እንጽፍላታለን። ከአስሩ ዘጠኙ በማግስቱ ይቅርታ ይዘው ነው የሚመለሱት።

በ2022 ደግሞ ቶፒክስ መጣ። አንዱን ግሩፕ በርዕስ በርዕስ መክፈል ማለት ነው። በአንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ሦስት ሺህ ሰው ሲያወራ ከነበረ፣ አሁን ክፍል ክፍል ሆነ። እርግዝና ለብቻ፣ ጡት ማጥባት ለብቻ፣ እንቅልፍ፣ ትምህርት፣ ጎረምሶች፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች። እያንዳንዱ አባል የማይፈልገውን ርዕስ ድምፁን ማጥፋት ይችላል። የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ያላት እናት ስለ ዳይፐር ሽፍታ ቀኑን ሙሉ ስልኳ አይጮህባትም። «አስቸኳይ» የሚል ርዕስ ለብቻው ከፈትን፣ ፈቃደኛ የሆኑ የጤና ባለሙያ አባሎቻችን የዚያን ርዕስ ድምፅ ብቻ ከፍተው ይተኛሉ።

ሌላም ነገር አለው። አድሚን አንድን ርዕስ መዝጋት ይችላል፤ ከተዘጋ ለሁሉም ይነበባል፣ የሚጽፉበት ግን አድሚኖች ብቻ ናቸው። እዚያ ውስጥ በባለሙያ የታዩ አጫጭር መልሶችን አስቀመጥን። ማር ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ፓራሲታሞል መጠኑ የሚሰላው በልጁ ክብደት ነው፣ በታላቅ ወንድሙ ማንኪያ አይደለም። አስፕሪን ለልጅ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይሰጥም። ሕፃን ሲተኛ በጀርባው ነው። በዚህ ዓይነት ወደ ሰላሳ ደረሱ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ሊንኩን ከዚያ አንስተን እንሰጠዋለን። ያቺ የሌሊቷ እናት ዛሬ ብትጠይቅ ማንም የነቃ አባል በአንድ ንክኪ ትክክለኛውን ያስቀምጥላታል።

የሚጎድለው ምንድነው? ፈቃድ በርዕስ አይለይም። ፎቶ እዚህ ይፈቀድ፣ እዚያ ይከልከል ማለት አይቻልም፣ ስሎው ሞዱም እንደዚያው። ለኛ ዓይነት ግሩፕ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። «አስቸኳይ» ላይ ምንም ገደብ ባይኖር፣ «ክትባት» ላይ ደግሞ አንድ ደቂቃ ቢዘገይ ግማሹ ችግራችን ይቀል ነበር።

ስለ አድሚኖቹ ትንሽ ልበል። ቴሌግራም ለእያንዳንዱ አድሚን ሥልጣኑን ቆጥሮ መስጠት ያስችላል። አንዱ መልእክት ያጠፋል ግን ሰው አያስወጣም፣ ሌላው ያስወጣል ግን አዲስ አድሚን አይሾምም። አዲስ አድሚን ስናመጣ መጀመሪያ ሁለት ወር የማጥፋት ሥልጣን ብቻ እንሰጠዋለን። ሪሰንት አክሽንስ የሚባለውም አለ፤ ባለፈው 48 ሰዓት ማን ምን አጠፋ፣ ማንን አስወጣ፣ የጠፋው መልእክት ምን ይል ነበር፣ ሁሉንም ለአድሚኖች ያሳያል። ይህ ለኔ የመተግበሪያው ምርጡ ነገር ነው። ምክንያቱም ሰው ተበደልኩ ብሎ ሲመጣ በወሬ አንፈርድም፣ ገብተን እናነባለን።

አንዴ አንዲት እናት ልጇን እንደመታችና እንደተጸጸተች ጻፈች። ከአድሚኖቹ አንዱ ርዕሱን ብቻ አይቶ አጠፋው። እሷ ደግሞ አስነዋሪ ነገር እንደጻፈች ቆጥራ ከግሩፑ ወጣች። መዝገቡን ስናይ መልእክቷ እርዳታ ነበር የሚጠይቀው፣ «እንዴት ልቁም?» ነበር ያለችው። ፈልገን ይቅርታ ጠየቅናት። ተመለሰች። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ምን እንዳለች እንኳ አናውቅም ነበር። ግን 48 ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። ቅዳሜ የጠፋውን ማክሰኞ ብትፈልጉ የለም። ስለዚህ የአድሚኖች የብቻ ግሩፕ ከፍተን ያጠፋነውን ሁሉ ከነምክንያቱ እዚያ እንለጥፋለን። ሥራ ይጨምራል፣ ግን ያስፈልጋል።

ስለ ማጥፋት ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ አዲስ አድሚኖች የሚሳሳቱበትን ልንገራችሁ። የተሳሳተ ምክር ሲያዩ ወዲያው ያጠፋሉ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ነገር ግን መልእክቱ ከመጥፋቱ በፊት ሃምሳ ሰው አንብቦታል። ካጠፋችሁት እነዚያ ሃምሳ ሰዎች ስህተቱን ይዘው ይቀራሉ፣ ማስተካከያውን የሚያዩበት ቦታ የለም። አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። መጠኑ የሚጎዳ መድኃኒት ከሆነ እናጠፋለን፣ በዚያው ቅጽበት ግን «እዚህ ላይ የነበረው ምክር ልጅን ይጎዳል፣ ትክክሉ ይህ ነው» ብለን እንጽፋለን። ሌላው ግን ይቆያል፣ መልሱ ከሥሩ በሪፕላይ ይቀመጣል፣ የጻፈው ሰው ሳይዋረድ።

ሳንወድ የተውነው ነገር የአድሚን ስም መደበቅ ነው። ቴሌግራም ላይ አድሚኑ ከፈለገ በግሩፑ ስም ይጽፋል፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ከሚሳደብ ሰው ይጠብቃል። ግን አንዲት እናት በግሩፑ ስም ስትገሰጽ ሦስት ሺህ ሰው በአንድነት የገሰጻት ነው የሚመስላት። ስለዚህ ማስታወቂያ ሲሆን ብቻ በግሩፑ ስም እንጽፋለን። ሰውን ስናናግር በስማችን ነው።

የሚገርመው አድሚን ስሙን መደበቅ ይችላል፣ ጠያቂዋ እናት ግን አትችልም። መደበቅ የሚያስፈልጋት እሷ ናት! ፌስቡክ ግሩፕ ላይ ስም ሳይታይ መለጠፍ አለ፣ ስሟን አድሚኖቹ ብቻ ያውቃሉ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ተራ አባል ይህን እንደዚያ በቀላሉ ማድረግ ስለማይችል በእጃችን ሠራነው። ጥያቄ ያለው ሰው ለአንዷ አድሚን በግል ይልካል፣ እሷ «አንዲት እናት እንዲህ ትላለች» ብላ ትለጥፋለች። ቦት፣ ማለትም በራሱ መልእክት የሚቀበልና የሚለጥፍ ፕሮግራም፣ እንጠቀም ያለ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

በግል ከሚመጡት መልእክቶች አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦ «ልጄን ሳያት ምንም አይሰማኝም። ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል፣ እኔ መጥፋት ነው የምፈልገው።» ይህን መልእክት ቦት ተቀብሎ ግሩፕ ላይ ይለጥፈው? ከወለዱ እናቶች ወደ 13 በመቶ የሚሆኑት፣ በዋናነት ድብርት የሆነ፣ የአእምሮ ጤና ችግር እንደሚገጥማቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በኛ ግሩፕ ውስጥ ባሉት እናቶች ልክ አስቡት። አድሚናችን ያን መልእክት አልለጠፈችውም። ደወለችላት። ሁለት ሰዓት አወሩ፣ በማግስቱ ባለቤቷ ሐኪም ጋ ወሰዳት። ወራት ቆይታ በራሷ ፈቃድ፣ በራሷ ስም፣ ታሪኳን ጻፈች። ከሥሩ የመጡትን «እኔም» የሚሉ መልሶች መቁጠር ተውኩ።

ፎቶን በተመለከተ ቴሌግራም ግማሽ መንገድ ይወስዳችኋል። ይዘት ማስቀመጥንና ወደ ሌላ ማስተላለፍን መከልከል ይቻላል፣ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ አለ። አብሩት። ግን በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሳን ሰው የሚያቆም ነገር የለም። ደግሞም የግሩፕ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ፣ አይደለም፤ ቴሌግራም ላይ ያ ምስጠራ ያለው በሁለት ሰዎች መካከል በሚደረገው ሚስጥራዊ ቻት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ቴሌግራም ሲባል ሁሉም ነገር የተቆለፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ሕጋችን ጥብቅ ነው። ራቁት ልጅ አይለጠፍም፣ ገላ ሲታጠብም ቢሆን። ሽፍታ ለማሳየት ከሆነ ቆዳው ብቻ፣ ፊት ሳይታይ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ካርድ አይለጠፍም። ፎቶ በፋይል መልክ ሲላክ የተነሳበት ቦታ አብሮ ሊሄድ ስለሚችል በፋይል አይላክም። ይህን ሕግ የሚጥስ መልእክት ያለ ምክክር ይጠፋል፣ እዚህ ላይ አንከራከርም። ልጁ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም፣ ሲያድግ ደግሞ ፎቶው ይቆየዋል።

ቦቶችን ሙሉ በሙሉ አልጠላም። ሮዝ የምትባለዋን ነው የምንጠቀመው። አዲስ ሰው ሲገባ ሕጉን ትሰጣለች፣ ማስጠንቀቂያ ትቆጥራለች፣ የሽያጭ ሊንክ ታጠፋለች። የወደድኩት ግን የቃል መልስ የሚባለውን ነው። አንድ ቃል ትሰጧታላችሁ፣ ቃሉ ሲጻፍ ያዘጋጃችሁትን መልስ ትለጥፋለች። «ትኩሳት» የሚለውን ሰጠናት፣ መልሱ የሚጀምረው «ልጁ ከ3 ወር በታች ከሆነ አሁኑኑ ወደ ሐኪም» ብሎ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ተኝቶ፣ በአንድ ሰከንድ። ደስ አለኝ።

ከዚያ አማርኛ መጣ። ቦቷ የምታውቀው የተሰጣትን ቃል ብቻ ነው፣ የኛ ቋንቋ ደግሞ ቃሉን አሥር ቦታ ይቀያይረዋል። ትኩሳት፣ ትኩሳቷ፣ በትኩሳት፣ አተኮሳት፣ ያተኩሰዋል። ሕፃን የሚለውን ብቻ ስንት ዓይነት እንደምንጽፈው አስቡት፤ ሕፃን፣ ህጻን፣ ሕጻን፣ ህፃን። ያገኘነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስገባን። ሆኖም ያቺ የመጀመሪያዋ እናት የጻፈችው «ሰውነቷ እሳት ሆኗል» ብላ ነበር። «ትኩሳት» የሚል ቃል አልነበረበትም። ስለዚህ በቦት ላይ ሙሉ እምነት አትጣሉ። አድሚን የሆነ ቦት የግሩፑን መልእክት ሁሉ እንደሚያይም አትርሱ፣ የማታውቁትን ቦት አታስገቡ።

ከሌሎቹ ጋር ባጭሩ ላወዳድር። ፌስቡክ ግሩፕ መልእክት ከመውጣቱ በፊት አድሚን እንዲያየው ያስችላል፣ ሲገቡም ጥያቄ ይጠይቃል፣ ስም መደበቅም አለው። ተረጋግቶ ለሚወያይ ግሩፕ ከቴሌግራም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ግን የሌሊት ጥያቄ እዚያ አይሆንም፤ ጽሑፉ የሚታየው በተጻፈበት ሰዓት ቅደም ተከተል ብቻ ስላልሆነ ዛሬ የተጠየቀ ከነገ ወዲያ ሊታይ ይችላል። ዋትስአፕ ምስጠራው ጠንካራ ነው፣ ግሩፑ የሚይዘው እስከ 1,024 ሰው ነው። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፣ ለሚተዋወቁ ሰዎች፣ ይበቃል። ለማይተዋወቁ ሦስት ሺህ ሰዎች ግን አይሆንም። ቴሌግራም እስከ 200,000 ይይዛል። ያን ያህል ሰው ያለበትን የወላጆች ግሩፕ መምራት ይቻላል ብዬ ግን አላምንም። እኛም አሁን ካለን በላይ ላለማስገባት እየተነጋገርን ነው።

መተግበሪያው ምንም የማያግዘው ነገር ደግሞ የአድሚኑ ድካም ነው። የታመመ ልጅ፣ የሞተ ፅንስ፣ የምትደበደብ እናት፣ ይህን ሁሉ አንብቦ ወደ ራስ ልጅ መዞር ከባድ ነው። አንዷ ጓደኛችን ስልኳን ሳታይ እራት መብላት አቅቷት ትታ ወጣች፣ ልክ ናት። አሁን የሌሊት ተራ አለን። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሌሊት፣ ተራው ያልሆነ ሰው የግሩፑን ድምፅ አጥፍቶ ይተኛል፣ ይህ ግዴታ ነው። ፅንስ ያጣች ወይም ልጅ የሞተባት እናት ስትጽፍ ደግሞ ሁለት አድሚኖች ናቸው አብረው የሚያናግሯት፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሸከመው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 አራት እሰጠዋለሁ። ስልክ ቁጥር መደበቁ፣ የ48 ሰዓቱ መዝገብ፣ ሥልጣን ቆጥሮ መስጠቱ፣ ቶፒክስ፣ እነዚህ ሌላ ቦታ በአንድ ላይ አላገኘኋቸውም። አንዱን ነጥብ የቀነስኩት እናቲቱ ስሟን ደብቃ መጠየቅ ባለመቻሏና ገደቡ በርዕስ ባለመከፈሉ ነው። ሁለት ሦስት አስተማማኝ ሰው ከጎናችሁ ከሌለ ግን ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ አትክፈቱ፣ የትኛውም መተግበሪያ ላይ ቢሆን።

ግሩፕ ካላችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። የግሩፑ ባለቤት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢታመም ሙሉ ሥልጣን ያለው ሌላ ሰው አይኖርም። ባለቤትነትን ለሌላ ማስተላለፍ ይቻላል፣ ግን ባለቤቱ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከመግቢያ ኮዱ ሌላ የሚጠየቀውን የይለፍ ቃል) ካበራ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ማለፍ አለበት። ችግር በመጣበት ቀን ብታበሩት ሳምንት ትጠብቃላችሁ። እኛ አሁን ሁላችንም አብርተን ተቀምጠናል።